ቀላሉ የጠመንጃ መነጽር

ኮክ-ጃር፣ ኤፕሪል 11

ለተከበሩ እህቴ ለበርመት

አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ሥራው እንዴት ነው፣ ወገብዎንስ፣ እዚያ ኦስትሪያ ብርዱ እንዴት አድርጎዎታል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ በጎቹ መውለድ ጀምረዋል፣ በረዶው ከወንዙ ዳር ለቋል ከላይ ግን ገና ነው። አላህ እጅዎን ከድካም ይጠብቅልኝ።

እኔ ቡሩልቻ ነኝ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት እህትማማቾች ናቸው። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፣ እርስዎ ሲሄዱ እኔ የፊት ጥርሴ የወለቀ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን ግን አግብቼ ከወንዙ ማዶ ነው ያለሁት፣ ሴት ልጅም አለችኝ ሦስት ዓመቷ ነው። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። እንዳልደውል ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው፣ እዚያ ደሞ የመንደሩ ሴት ተደርድሮ ነው የሚያወራው፣ አንዷ ስታወራ አሥሩ ይሰማል። ስለዚህ ይሄን የምሰጠው ለመንደራችን አስተማሪ ነው፣ ከአት-ባሺ ከተማ ትልክልኛለች። እርስዎም ሲመልሱ እባክዎ ከላዩ ላይ «በቡሩልቻ እጅ ብቻ» ብለው ይጻፉበት፣ እኛ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ጎረቤት ተጠርቶ ጮክ ተብሎ ነው የሚነበበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቁ ሰው ጠመንጃ፣ የባለቤቴን አባት ማለቴ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው መነጽር የድሮ የወታደር ነው፣ ከባድ ነው፣ የብረት ቧንቧ ይበሉት። ባለፈው መከር ድንጋዩ በሚንሸራተትበት ቁልቁለት ላይ ጠመንጃው ከጀርባ ላይ ዞረና ወደ ጎን ጎተተ፣ እግር ከዳ፣ አሥር ክንድ ያህል ወደ ገደሉ መንሸራተት ሆነ፣ ማንገቻው ባይያዝ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍልዎትም ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ዓይኔን ስጨፍን ድንጋዩ ሲሄድ ይሰማኛል።

ሴፕቴምበር ላይ ደሞ የአዳኞች ማኅበሩ ፈተና አለ፣ ያውቁታል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው አመድ በተቀባ ድንጋይ ላይ ሦስት ጥይት ይተኩሳል፣ ሁለቱን ያልመታ ቤት ፈቃዱ ለሌላ ቤት ይሄዳል። ፈቃዱ ከሄደ እንግዳ አዳኞችን የመምራት ሥራውም ይሄዳል፣ እኛ ደሞ በዚያ ነው ክረምቱን የምንወጣው፣ የልጄ አባት ሩሲያ ኖቮሲቢርስክ ግንባታ ላይ ነው ሁለት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ በአላህ ይሁንብዎት አንድ ቀላል መነጽር ይፈልጉልኝ። ቀላል ይሁን፣ ግን ደሞ ትልቅ ይሁን፣ ረጅም ይሁን፣ በጣም የሚያጎላው ይሁን፣ ከሩቅ ታይቶ ገደል መጠጋት እንዳይኖር። ዋጋውን ይንገሩኝ፣ እንደምንም አገኛለሁ።

ትንሿ እህትዎ ቡሩልቻ

•

ቲሮል፣ ሜይ 24

ለቡሩልቻ፣ በእጇ ብቻ

ወአለይኩም ሰላም የኔ ቆንጆ። ጥርስ የሌላትን ልጅማ እንዴት እረሳለሁ! የሊጥ ጥብሱን ቦርሶክ ሰጥቼሽ መንከስ አቅቶሽ በመዳፍሽ ስትደቁሺው ነበር። አንድ ነገር ግን እንስማማ፤ እርስዎ እርስዎ ስትይኝ ወገቤ ይብስብኛል። አንቺ በይኝ፤ እርስዎ የሚለኝ እዚህም አላጣሁም።

መልሱ የቆየው ደብዳቤሽ አራት ሳምንት ፈጅቶ ስለመጣ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው ከሆስፒታል እስኪወጣ ጠበቅኩ። ሽማግሌው ማለቴ አሎይስ ነው፣ የምሠራበት ሆቴል ባለቤት አባት። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከምግብ ቤቱ ከሚሰማው ወሬ ሁሉ የሚያስቀው የኔ ጀርመንኛ ነው። ግን በዚህ ሸለቆ የእሱን ያህል ተራራ የወጣ አዳኝ የለም። ጥያቄሽን ብነግረው ዱላውን ይዞ ተነሳና ጠመንጃ ቤቱን ከፍቶ ሦስት መነጽር አውጥቶ ወጥ ቤት ወሰደኝ። ዱቄት የምንመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው እልሻለሁ! የወጥ ቤቱ አለቃ ሊያብድ ነው፤ «የጠመንጃ ቅባት በዱቄቴ!» ይላል።

ትልቁ፣ አንቺ የምትዪው፣ ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም መዘነ። «ይሄ» አለኝ አሎይስ፣ «ቆላ ውስጥ በሳንቃ ጎጆ ተቀምጦ፣ ጀምበር ስትጠልቅ አሳማ ለሚጠብቅ ሰው ነው። መስታወቱ የሰፋው ድንግዝግዝ ብርሃን እንዲለቅም ነው። ተራራ ላይ የሚታደነው በጠራራ ቀን ነው፤ ሸክሙን ለምን ትሸከማለች ልጅቷ?»

«ልጅቷ አይደለችም የምትሸከመው፣ አማቷ ናቸው» አልኩት።

«ማንም ይሁን ማን፣ እግሩ ሁለት ነው» አለ።

ስለ ማጉላቱም ነገረኝ። በጣም የሚያጎላው መነጽር የሚያሳይሽ ዋልያውን አይደለም፣ የራስሽን የልብ ምት ነው፤ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል፣ እንስሳውንም በጠባብ ቀዳዳ ስትፈልጊ እሱ ጋራ ይሻገራል።

ቢሆንም ሳይለኩ አይገዛም ብሏል። እነዚህን ጻፊልኝ፦ ከስንት እርምጃ ነው የሚተኮሰው? ጠመንጃው ራሱ ይከብዳል ወይ ይቀላል? በየትኛው ዓይን ነው የሚያዩት? ከሰደፉ ጫፍ ጉንጭ አሳርፈው ዓይናቸው እስከሚሆንበት ድረስ ስንት ነው? አሁን ያለው መነጽርስ ከቅንድብ በስንት ጣት ይርቃል?

ዋጋውን ደግሞ ተዪው። ሰርግሽ ላይ አልነበርኩም፤ ስጦታ አለብኝ። ለአማትሽ ለአባ ኦሞር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማለቴ ደብዳቤውን ሳታሳዪ።

በርመት

•

ኮክ-ጃር፣ ጁን 19

ለእህቴ ለበርመት

ሰላምታዬ ከተራራው ይብዛ። አንቺ ልልሽ እጄ እምቢ እያለኝ ነው ግን ካልሽ እሺ። ወደ ላይኛው ግጦሽ ወጥተናል፣ ድንኳኑን ከተከልን ሳምንታችን ነው፣ ሳሩ እስከ ጉልበት ነው፣ ፈረሶቹ ታልበዋል፣ ወተቱ ደህና እየቦካ ነው፣ ልጄ የቦካውን ጠጥታ ሰክራ ተኛች ስንስቅ ዋልን። ደህና ነን።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። የሚተኮሰው ከሁለት መቶ እርምጃ ነው ቢበዛ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ትልቁ ሰው «ድምፅህ ከማይደርስበት የተኮስክ እንደሆነ አዳኝ ሳትሆን ሌባ ነህ» ይላል፣ ይሄን ሲል ደሞ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ጠመንጃው ራሱ ቀላል ነው ለዚህ ነው መነጽሩ ከላይ ሲከብድ እንደሰከረ ሰው የሚዞረው፣ ሲተኮስ ግን ይረግጣል፣ ትከሻ ያጠቁራል።

ዓይን ግራ ነው። ከሰደፉ ጫፍ እስከ ዓይኑ ሁለት ስንዝር ካንድ ጣት ነው፣ ሁለቴ ለካሁት። አሁን ያለው መነጽር ከቅንድብ ሁለት ጣት ነው የሚርቀው፣ ለዚያ ነው ባለፈው ሲተኮስ ጠርዙ ቅንድብ የከፈተው፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቱርዱቡቡ ደሞ አየችው፣ ወንዝ ማዶ የምትኖረው አሮጊት፣ ታውቂያታለሽ ዓይኗ ከንስር የባሰ ነው፣ ምንድነው ስትለኝ የበሩ መቃን መታኝ አልኳት፣ «ያንቺ መቃን ክብ ነው እንዴ» አለችኝ። ትልቁን ሰው ማለቴ ነው፣ ትልቁን ሰው ነው መቃኑ የመታው ያልኳት።

እህቴ የሽማግሌውን ምክር ሰምቻለሁ ግን እኔ አሁንም ፈራሁ፣ ትንሽ ከሆነ ባይታይበትስ? ባይመታስ? ሴፕቴምበር ደረሰ እኮ። ቶሎ መልሺልኝ እለምንሻለሁ። ለአሎይስ አላህ ጤና ይስጠው በይልኝ።

ቡሩልቻ

•

ቲሮል፣ ጁላይ 8

ለቡሩልቻ፣ በእጇ ብቻ፣ ብቻዋን ስትሆን

የኔ እህት፣ ሰላም ለቤትሽ። አሁን ቁጭ በይ።

አባ ኦሞርን አውቃቸዋለሁ። ልጅ ሆኜ በአንድ እጃቸው አንስተው ፈረስ ላይ ያስቀመጡኝ ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው የድንኳን ምሰሶ ያክላል። ሁለት ስንዝር ካንድ ጣት ብለሽ ጻፍሽ። በእሳቸው ስንዝር ከሆነ ሰደፉ ከዚህ እስከ ቢሽኬክ ይደርሳል፤ በአንቺ ስንዝር ከሆነ ደግሞ አንገታቸውን ቆርጠው ካልሆነ በቀር እዚያ ዓይናቸው አይደርስም። ለአሎይስ መዳፌን ዘርግቼ ባሳየው አንገቱን ነቀነቀና «ይሄ አጭር ክንድ ነው። ልጅ ነው ወይ ሴት ናት» አለ። ደግሞ እሳቸው በግራ ዓይን ተኩሰው አያውቁም።

ቅንድብሽን መቃን መታው አልሽ፤ ከዚያ የትልቁ ሰው ቅንድብ ሆነ። አስር ክንድ ተንሸራተተ አልሽ፤ ማን እንደተንሸራተተ ሁለቴ ባነበውም አላገኘሁትም።

አልቆጣሽም። እኔ ሃያ ዓመት አንሶላ የማጥብ ሴት ምን አፍ አለኝ? ግን መነጽር እንደ ሻርፕ ለማንም አይሆንም። ለአንድ ሰው የተለካ ለሌላው ከሆነ ወይ ጥቁር ክብ ነው የሚያየው ወይ ቅንድቡ ይከፈታል። ስለዚህ ካልነገርሽኝ አልገዛም። ማነው የሚተኩሰው?

በርመት

•

ላይኛው ግጦሽ፣ ጁላይ 30

ለእህቴ ለበርመት

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ሰላምታውን ማሳመር አልቻልኩም ይቅር በይኝ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ፣ ቦት ጫማዬ ውስጥ ነው የደበቅኩት፣ ቀለሙ ለቋል።

እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት። እኔ ነኝ የምተኩሰው።

የትልቁ ሰው ዓይን ወተት ለብሷል። መጀመሪያ ቀኝ ዓይኑ ነበር፣ ያው ግራውም ተከተለ፣ ፈረስ ከሩቅ ያያል ግን የማንን ፈረስ አይልም። ሐኪም እንሂድ ስለው «መከሩ ይለፍ» ይላል፣ ሁለት መከር አለፈ። ለሰው መናገር ያፍራል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከብት ፍለጋ አብረን ወጣንና ከዋሻው አጠገብ ተኝተን «ከቀዩ ድንጋይ በላይ ምን ይታይሻል» አለኝ፣ ሦስት ዋልያ አንዱ ቀንዱ የተሰበረ አልኩት፣ ጠመንጃውን ወደኔ ገፋው። እኔ እንዳላይ ፊቱን አዞረ እህቴ፣ ግን አየሁት።

ከዚያ ወዲህ አስተማረኝ። ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ አፈሙዙ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል፣ ቃታውን ስስብ ጠጠሩ ከወደቀ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም። እሱ ዋልያው በስንት ሰዓት ወደየት እንደሚዞር ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፣ እኔ አያለሁ፣ ሁለታችን አንድ ላይ አንድ አዳኝ ነን። ስንመለስ ከመንደሩ በፊት ጠመንጃውን ለሱ አነግተዋለሁ። አምና ፈተና ላይ እሱ ነው የተኮሰው፣ ሁለቱን እንዴት እንደመታ አላህ ይወቅ፣ ድንጋዩ ያለበትን ቦታ በልቡ ስለሚያውቀው ነው፣ ዘንድሮ ግን ድንጋዩ የቱ እንደሆነ አይለይም። ፈተናው ላይ ምን እንደምናደርግ አልተነጋገርንም፣ እኔም አልጠይቅ እሱም አይናገር።

የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ። ማንገቻውን ይዞ ያወጣኝ እሱ ነው፣ እንዴት እንዳየኝ አላውቅም፣ ድምፄን ነው የያዘው ይላል።

ቢታወቅ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ። ምራት ጠመንጃ ነካች። ቱርዱቡቡ አንዴ ስታወራ ሰምቻታለሁ፣ ሴት የተኮሰችበት ግጦሽ ላይ የፈረሶች ወተት ይደርቃል ትላለች። የልጄ አባትም አያውቅም። ገደሉን እፈራለሁ፣ ሰዉን የባሰ እፈራለሁ፣ ሌሊት እንኳን ስሜን የሚጠራኝ ካለ እደነግጣለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽና ለማንም አትንገሪ። ድንጋዩ ላይ ተኝቼ ጉንጬን ሰደፉ ላይ ሳሳርፍ አልፈራም። ያን ጊዜ ብቻ ነው። ትልቁ ሰው አጠገቤ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ዋልያው ሳሩን ሲነጭ ጢሙ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ደስ ይለኛል።

አሁን ካልገዛሽልኝም አልቀየምም።

ቡሩልቻ

•

ቲሮል፣ ኦገስት 10

ለቡሩልቻ

እህቴ፣ ሰላም፣ ሺህ ጊዜ ሰላም። ደብዳቤሽን በአስተማሪዋ ወንድም በኩል በስድስት ቀን አገኘሁት። አልቅሼም ስቄም፣ ከዚያ ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

አሎይስ «ለሚሸከመው ሰው በሸክም ነው የሚመረጠው» ብሎ ከልጅ ልጁ ጋር ተራራ ሰደደኝ። እኔን! ትልቁን መነጽር ያለበትን ጠመንጃ ይዤ እስከ እረኞች ጎጆ ወጣሁ፤ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ አንድ ጊዜ ሰደብኩሽ። በማግስቱ ትንሹን ይዤ ወጣሁ። ጠመንጃ ጀርባዬ ላይ እንዳለ የረሳሁበት ቦታ ሁሉ ነበር። ስመለስ «እንዴት ነው?» አለኝ። «ትልቁ ያሳያል፣ ትንሹ ያደርሳል» አልኩት። ዱላውን መሬት መታና «ሃያ ዓመት ሙሉ አንሶላ ላይ ያባከንናት አዳኝ!» አለ።

ትንሹ ነው የተገዛው። ሁለት መቶ ሰማንያ ግራም ነው፤ ያ የወታደር ቧንቧ ይሄን ሦስቱን ያክላል። ከሁለት እስከ ሰባት እጥፍ ያጎላል፤ ለሁለት መቶ እርምጃ ይተርፋል። የመረጥነው ግን ለሌላ ነገር ነው፤ ከዓይንሽ አራት ጣት ርቀሽ ሙሉ ክቡን ታዪበታለሽ። ቅንድብሽ ከእንግዲህ ያንቺ ነው። ማሰሪያ ቀለበቶቹም ቀላል ናቸው። ውስጡ መብራት የለው፣ ባትሪ የለው፣ ማነጣጠሪያው ተራ መስቀል ነው። አንዱ ነጋዴ ባለ ብዙ ቁልፍ ሊሸጥልኝ ሲል አሎይስ «በብርድ በደነዘዘ ጣት የማይነካ ነገር አያስፈልጋትም» ብሎ አባረረው።

ስታስሪው ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ፤ በየተራ ጥቂት ጥቂት። ከብርድ ወደ ምድጃ ዳር አታስገቢው፣ ያልበዋል። መስታወቱ ላይ አትተንፍሺበት፤ ሲጨንቅሽ እንኳን ወደ ጎን ተንፍሺ።

ይዞልሽ የሚመጣው የአት-ባሺው ሾፌር ኤሰን ነው፤ መኪና ሊወስድ ወደዚህ እየመጣ ነው። ለጉምሩክ ወረቀት የሚረከበው ሰው ስም ያስፈልጋል። የአባ ኦሞርን ሙሉ ስም በትልልቁ ጽፈሽ ለኤሰን ሚስት ስጫት፣ እሷ ትልክለታለች።

በርመትሽ

•

ኮክ-ጃር፣ ኦገስት 22

ለእህቴ ለበርመት

ሰላም እህቴ፣ አላህ ያንቺን ድካም በጀነት ይክፈለው። የአሎይስን እጅ ሳሚልኝ።

አጭር ነው የምጽፈው የኤሰን ሚስት በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ስሙን አልቻልኩም። አንቺ ከሄድሽ ብዙ ጊዜሽ ነው ረስተሽው ይሆናል፣ ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሳም፣ እኔ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን አፌ ላይ አላመጣሁትም። መጻፍ ምን አለበት ብዬ እርሳሱን አነሳሁ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፍኩና ላብ አጠመቀኝ፣ ልጄ «እማዬ አመመሽ» አለችኝ፣ አጠፋሁት። ሌላ ሰው እንዳልለምን ለምን ሊባል ነው። ሴትየዋ ደሞ ቶሎ በይ ትላለች።

የራሴን ስም ጻፍኩ። ምን ታመጣለች ወረቀት ናት ማን ያነባታል።

ቡሩልቻ

•

ቲሮል፣ ኦገስት 29

ለቡሩልቻ

መነጽሩ ዛሬ በኤሰን እጅ ሄደ። ስሙን ሳይ ሳቅኩ፣ ከዚያ ፈራሁ፤ ኤሰን አፉ ከመኪናው ጥሩንባ አይሻልም። አሁን የሆነው ይሁን። አሎይስ ከፈተናው በፊት ቢያንስ አሥር ጥይት ተኩሺበት ብሏል። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ሳትጽፊ እንዳትቀሪ።

በርመት

•

ኮክ-ጃር፣ ኦክቶበር 21

ለእህቴ ለበርመት

አሰላሙ አለይኩም የኔ እናት የኔ እህት፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ወገብሽ ተሻለው ወይ። ሁለት ወር ዝም ማለቴን አውቃለሁ፣ ልጽፍ እነሳለሁ ሌላ ነገር ይከሰታል፣ ሳያልቅ አልጽፍም ብዬ ነው። እኛ ደህና ነን፣ በጣም ደህና ነን፣ ከግጦሽ ወርደናል፣ ሥጋ አለን።

ከኤሰን ልጀምር። ሱቁ በር ላይ መኪናውን አቆመና ዕቃውን ከፍ አድርጎ «ቡሩልቻ ማናት! የጠመንጃ መነጽር መጥቶላታል! ከኦስትሪያ!» ብሎ ጮኸ። የዳቦ ሰልፍ ነበር እህቴ፣ ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው። ቱርዱቡቡ ከሰልፉ መሃል «እንዴ፣ ምራቲቱ የበሩን መቃን ልትተኩሰው ነው?» አለች፣ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ዕቃውን ተቀብዬ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም፣ ከበጎቹ ጋር ገብቼ ተቀመጥኩ።

ትልቁ ሰው መጣ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። መነጽሩን ተቀብሎ በመዳፉ ላይ አስቀመጠው፣ መዘነው፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ «ይሄ ነው እንዴ? ውስጡ ዕቃ አለው?» አለ። አለው አልኩት። «እንግዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስንሸከም ኖርን» አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝ፣ ሸለቆው ውስጥ ወርደን አሥራ ሁለት ጥይት ተኮስኩ፣ ቅንድቤ ምንም አልሆነ።

ፈተናው ቀን ሄድን። እኔ ቦርሶክ ይዤ ከሴቶቹ ጋር ልቆም ነው የሄድኩት እኔ ምን አውቃለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሻርሼን ትልቁን ሰው በስሙ ጠራው። ትልቁ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ተነሳ፣ ወደ መተኮሻው አልሄደም፣ ወደ ሴቶቹ ነው የመጣው፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ ሌላ ሴት ፊት ቆመ፣ «ቡሩልቻ» አለ። እዚህ ነኝ አልኩት። ዞረና ጠመንጃውን ሰጠኝ።

ሻርሼን «ምንድነው ይሄ? ጨዋታ ነው?» አለ።

ትልቁ ሰው ጮክ ብሎ «ዓይኔ ታሟል» አለ። ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነው። «ሁለት ዓመት ሆነው። ከኔ ቤት የሚያይ ዓይን የእሷ ነው። የዕቃው ወረቀትም የእሷን ስም ነው የሚለው፣ ኤሰን አንብቦላችኋል፣ መቼም ያልሰማ የለም።»

«ሴት ናት እኮ» አለ አንዱ።

«ድንጋዩን ጠይቀው» አለ ትልቁ ሰው፣ «እሱ የሚያውቀው መመታትና አለመመታት ነው።»

ሻርሼን ደንቡን አወጣ፣ አገላበጠ፣ «ከየቤቱ አንድ ሰው ይላል፣ አንድ ወንድ አይልም» አለና ጢሙን አሻሸ።

ተኛሁ። የመጀመሪያውን ሳትኩት፣ አመድ የተቀባው ድንጋይ እንደ ቁንጫ ይዘላል፣ ወንዶቹ ሳቁ። መስታወቱ ላይ ተንፍሼበት ነበር እህቴ ጉም ሆነብኝ። ያንቺን ደብዳቤ አሰብኩ፣ ጠበቅኩት እስኪጠራ፣ ወደ ጎን ተነፈስኩ። ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛውን ከመተኮሴ በፊት ማንም አይስቅም ነበር። ሦስተኛውም መታ። ሻርሼን የአዳኝ ደብተር አወጣና ስሜን ጻፈበት፣ ሲጽፍ «ቡሩልቻ በስንት ፊደል ነው» እያለ አላገጠብኝ፣ ግን ጻፈው።

ማታውን ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለልጄ አባት ደወልኩ፣ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ይስሙ። ሁሉንም ነገርኩት። «እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጠር አስጥሎኝ ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር እኮ» አለ። በሳቅ ፈነዳሁ።

ባለፈው ሳምንት ወጣን። ያንኑ ቁልቁለት ተሻገርኩት። ጠመንጃው ጀርባዬ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ እጆቼ ሁለቱም ባዶ ናቸው፣ ድንጋዩን የያዝኩት በሁለቱም ነው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም፣ ግን የፈራሁት እየሄድኩ ነው። ከሰዓት በፊት አሮጌ ወንድ ዋልያ ብቻውን ተኝቶ አገኘን፣ መቶ ሰማንያ እርምጃ፣ አንድ ጥይት። ትልቁ ሰው ሄዶ ቀንዱን በጣቱ እየዳሰሰ ዕድሜውን ቆጠረ፣ አሥራ አንድ ዓመት አለ፣ «በኛ ዕድሜ ከሆነ እኔን ያክላል» አለ፣ ደስ ብሎታል።

ስንመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቱርዱቡቡ ውሃ ስትቀዳ አገኘችን። ከአደን የሚመለስ ሰው ፊት ቆሞ «ሽራልጋ» ያለ ድርሻውን ሳይወስድ እንደማይሄድ ታውቂያለሽ፣ የሚሰጠው ደሞ የገደለው እጅ ብቻ ነው፣ ሌላ እጅ ከሰጠ ተራራው ይቀየማል። ባልዲዋን አስቀመጠችና ትልቁን ሰው «ሽራልጋ!» አለችው። ፈረሱን ወደፊት ጎተተ። «ደንቁረሃል እንዴ፣ ሽራልጋ!» አለች።

«እኔ ፈረስ ጎታች ነኝ» አለ።

እኔን አየችኝ። ፈረሱን አየች፣ ቀንዱን አየች፣ ደሞ እኔን አየች። እኔ መሬቱን ነው የማየው። ቃሏን ውጣ ባዶ እጇን ልትመለስ ነው ብዬ ነበር፣ ሥጋ ግን ትወዳለች።

«ሽራልጋ ልጄ» አለችኝ።

ቢላዋውን አወጣሁ። «ምርጫው ያንቺ ነው» አልኳት፣ እንደዚያ ነው የሚባለው፣ እኔ ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። አላፈረችም፣ የኋላውን ታፋ አለች፣ ሙሉውን። ቆርጬ በባልዲዋ አሸከምኳት፣ ውሃውን ደፋችው።

ትናንት ጠዋት በር ላይ መጥታ ጠራችኝ። በስሜ ነው የጠራችኝ። ወጣሁ።

«ሌሊቱን ሙሉ ቀቀልኩት» አለች፣ «ጫማ ነው! አሥራ አንድ ዓመት የሞላውን ሽማግሌ መርጠሽ፣ ለጥርስ አልባ ሴት! ፈረሶችሽስ?»

ይታለባሉ አልኳት።

«እንግዲያ በሚቀጥለው ስትወጪ ወጣቱን ምቺው» አለችኝና ሄደች።

ለአሎይስ፣ ለሚዛኑ፣ ለወጥ ቤቱ አለቃ ሳይቀር ሰላም በይልኝ። አላህ ባገር ያገናኘን። ስትመጪ ወጣቱ ላንቺ ነው።

ቡሩልቻሽ